የቫዮሊን መምህሩ ደብዳቤዎች፦ ሁሉም ይታተሙ ወይስ ደግ ደጉ ብቻ?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። የደብረ ኤልያስ ልጅ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። አንድ ጉዳይ ላማክራችሁ።

አጎቴ ቫዮሊን ተጫዋችና የሙዚቃ መምህር ነበር። አባቱ የድጓ መምህር ስለነበሩ ልጅ ሆኖ ዜማ የተማረው ከእሳቸው ነው። እሳቸው ካረፉ በኋላ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ገባ። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቫዮሊን ተማረ፤ ከዚያ ዕድሜ ልኩን ሲያስተምር ኖሮ አረፈ። ስሙ የገነነ ሰው አይደለም። ያስተማራቸው ግን ብዙ ናቸው።

ለእናቱ ይጽፍ ነበር። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ደብዳቤውን የሚያነብላት የባሏ ተማሪ የነበረ አንድ ደብተራ ነው፤ ያውም ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ። አጎቴ ይህን እያወቀ ነው የሚጽፈው። ሰላምታው ረጅም ነው፤ መንደርተኛው አንድ ሳይቀር በስሙ ይጠራል። የሆድ የሆዱን ግን በሰምና ወርቅ ሸፍኖ ያልፈዋል። ከእናቱ ክፍል በታች ደግሞ ለደብተራው ብቻ የሚጽፈው አለ። አባቱ ሲያዜሙት የሰማውን ድጓ በኖታ እየገለበጠ፣ በትክክል አስታውሶት እንደሆነ ይጠይቀዋል።

ከእነዚህ አንዱ አሁን ፊቴ ነው። ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ነው። በማስመሪያ አምስት መስመር አስምሮ ኖታውን በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፏል። ከኖታው በላይ የድጓውን ምልክት በቀይ ደርድሯል፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ። ደረቱ ጋ ሲደርስ ኖታውን ሰርዞ እንደገና ጽፎታል፤ እንደገናም ሰርዞታል። ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት አለ።

ቤተሰቡ ደብዳቤዎቹ ታትመው ቢወጡ ደስ ይለዋል። አንዱ ላይ ግን ተጣልተናል። ታላቅ ወንድሙ አዲስ አበባ በሞተ ጊዜ አጎቴ ለእናቱ የጻፈው ነው። ደብዳቤው ወንድሜ ታሟል፣ ሐኪም እያየው ነው፣ ጸልዩለት ይላል። ሲጽፈው ግን ወንድሙ ተቀብሯል። ይህ ሳይታተም ይቅር የሚሉ ዘመዶች አሉ። የኔ አቋም የአንድ ሙዚቀኛ ደብዳቤ ከሙዚቃው ተለይቶ አይታይም፣ ከታተመ ሙሉው ይታተም ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልስ 1

የመጀመሪያው መልስ ከባሕር ዳር መጣ። ጸሐፊዋ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሠሩ ናቸው። ስለ ማተሙ አልተናገሩም፤ የተጨነቁት ለወረቀቱ ነው። ላሚኔት እንዳላስደርገው፣ የተቀደደውንም በስኮች እንዳልለጥፍ አጥብቀው አስጠነቀቁ፤ ስኮች ሲቆይ ቢጫ ሆኖ ቀለሙን ይዞ እንደሚላጥ አስረዱ። ፎቶ ሲነሣ በመስኮት ብርሃን እንጂ በፍላሽ እንዳይሆን፣ እያንዳንዱ ገጽ ጀርባው ጥግ ላይ በእርሳስ ብቻ ቁጥር እንዲሰጠው፣ ከፌስታል ወጥቶ በወረቀት ፖስታና በካርቶን እንዲቀመጥ፣ ካርቶኑም ከመሬት ከፍ እንዲል መከሩ። የጎጃምን ምስጥ የሚያውቅ ሰው ምክር ነው። በሳጥኑ ውስጥ የነበረውን ቅደም ተከተል እንዳላፋልስም አከሉ፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም።

መልስ 2 እና 3

ሁለተኛው ጸሐፊ ደብዳቤዎቹ የየትኛው ዓመት እንደሆኑ ጠየቀ። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። አጎቴ ዓመት አይጽፍም፤ የሚካኤል ዋዜማ፣ የኪዳነ ምሕረት ማግስት እያለ ነው የሚሄደው። አንዱን በምሳሌ አቀረብኩ፤ ዘንድሮ ፋሲካ በማርያም ማግስት መዋሉን የሚጠቅስ ነው።

ሦስተኛው ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ሰው ናቸው። ወዲያው መለሱት። ማርያም በ21 ናት፤ ማግስቷ 22። ፋሲካ ሚያዝያ 22 ቀን የዋለው በ1959፣ በ1970፣ በ1981 እና በ1992 ዓ.ም. መሆኑን ቆጥረው አሳዩ። ከዚያ ፖስታው ላይ ምን ቴምብር እንዳለ ጠየቁኝ። የጃንሆይ ምስል አለበት። እንግዲያው 1959 ነው፤ በ1970 ጃንሆይ የሉም። ዓመት የሌለው ደብዳቤ በደቂቃ ዓመት ተገኘለት። የአብነት ትምህርት ምን ያደርጋል ለሚል ሰው ይህን መልስ አሳየዋለሁ።

መልስ 4 እና 5

አራተኛው ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህር ናቸው። 1959 የሚለውን እንዳዩ ያ ዘመን የፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ዘመን መሆኑን አስታወሱ። አሸናፊ አዲስ አበባ ተወልዶ፣ አሜሪካ ሮቸስተር ከተማ በሚገኘው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ ተመለሰ። ያሬድ ትምህርት ቤትን አቋቁሞ ከ1963 እስከ 1968 የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኖ መራ። በ1967 የሃንጋሪን መንግሥታዊ ኦርኬስትራ እየመራ የራሱን ሥራዎች አሰማ፤ አንደኛው «እረኛው ባለዋሽንት» ነው። እኚህ መምህር እዚህ ላይ ቆም አሉ። የአገራችን እረኛ የሚነፋው ዋሽንት በቡዳፔስት ኦርኬስትራ ታጅቦ መሰማቱ ለእሳቸው ትውልድ ምን ማለት እንደነበር በስስት ጻፉ። አሸናፊ በ1971 ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን ያገኘው በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ ጽፎ ነው። ኋላ አሜሪካ ውስጥ በፕሮፌሰርነት ሲያስተምር ቆይቶ በ1998 ፍሎሪዳ ውስጥ አረፈ።

አምስተኛው አጭር እርማት ሰጠ። በመልስ 4 ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆኑ ከአጎቴ 1959 ጋር እንዳይምታቱ፣ የእነሱ 1967 በእኛ ከ1959 ታኅሣሥ ማብቂያ እስከ 1960 ታኅሣሥ ያለው መሆኑን አሳሰበ። ተገቢ ነው። ከዚህ ወዲያ በፈረንጅ የሆነውን እ.ኤ.አ. እያልን ሄድን።

መልስ 6፣ 7 እና 8

እዚህ ላይ ነገሩ ከረር አለ። ስድስተኛው ጸሐፊ ጎጃም ተቀምጦ የቫዮሊን ደብዳቤ መሰብሰብ ምን ይሉታል በሚል ቁጣ ገባ። ለእሱ የእኛ ክላሲካል ሙዚቃ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የሚባሉት የዜማ ስልቶች እያሉልን ቫዮሊን መፈለግ ውርደት ነው ባይ ነው። የዜማውንም ሊቅነት ጠቅልሎ ለጎጃም ሰጠ።

ሰባተኛው ጎንደሬ ነው፤ ይህን ሰምቶ ዝም አላለም። ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑን፣ ዋሸራንና ጎንጅን የሚክድ እንደሌለ ተቀበለ። የድጓ ማስመስከሪያው (ተማሪው ሊቅነቱን የሚያስመሰክርበት ጉባኤ ቤት) ግን ቤተ ልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ መሆናቸውን፣ ሁለቱም ጎንደር ውስጥ እንዳሉ አስታወሰ። ቀጥሎ የተናገረውን ባይጨምር ይሻል ነበር፤ ወደ ብሽሽቅ ሄደ። ስድስተኛውም መለሰለት። ያንን አልዘረዝርም።

ስምንተኛው አስታራቂ ሆነው መጡ። የድጓው ምልክት ራሱ የሊቃውንት ፈጠራ መሆኑን አነሡ፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያበጁት ነው። እነዚያ ሊቃውንት ከቃል ወደ ብራና እንዳሻገሩት ሁሉ፣ ይህ የጎጃም ልጅ ከብራና ወደ አምስት መስመር ማሻገሩ የዚያው ሥራ ቀጣይ እንጂ ክህደት አለመሆኑን ተከራከሩ። እኔም ከዚህ በተሻለ አልገልጸውም።

መልስ 9 እና 10

ወሬው ትንሽ ፈቀቅ አለ። የደብረ ኤልያስ ስም በመነሣቱ አንዱ ባለቅኔውን ዮፍታሔ ንጉሤን አስታወሰ። የጃንሆይን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር፣ «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የሚለውን፣ ግጥሙንም ዜማውንም የደብረ ኤልያሱ ልጅ እንደሠራው ጻፈ። አሥረኛዋ አረመችው። ግጥሙ የዮፍታሔ ነው፤ ዜማው ግን የኬቮርክ ናልባንዲያን ነው፤ ከአርባ ልጆች (ራስ ተፈሪ ካስመጧቸው ወላጅ አልባ አርመናውያን) ጋር የመጣው አርመናዊ ሙዚቀኛ። መዝሙሩ ከ1923ቱ የዘውድ በዓል ጀምሮ ሲዘመር መኖሩንም ጠቀሰች። የቅኔ ተማሪና የአርመን ስደተኛ አብረው የአገር መዝሙር ሠሩ ማለት ነው። ለስድስተኛው ጸሐፊ ጥሩ መልስ ነበር፤ እሱ ግን አልተመለሰም።

መልስ 11

ይህንን የጻፈችው የዚያ የሞተው ታላቅ ወንድም ልጅ ናት፤ ለእኔ ታላቅ እህቴ ማለት ናት፣ እታለም ነው የምላት። በልጇ ስልክ እንደምትጽፍ ገልጻ ጀመረች። ያንን ደብዳቤ ማተም የአባቷን ሞት ለገበያ ማውጣት መሆኑን ነገረችኝ። ደብዳቤው ሲነበብ እዚያው ቤት ነበረች። አያቴ ተነሥታ ለልጇ ሱባኤ ልትገባ ስትዘጋጅ አይታለች። ለሞተ ሰው ምሕረት ሲለመን አድሮ ጠዋት እውነቱ ሲመጣ፣ አጎቷን ይቅር ማለት እንዳቃታት ኖረች። የታመነ መምህር ነበር እያላችሁ ስታሞግሱት እናቱን የዋሸበትን ወረቀት ለምን አላፍርበትም፣ ነው ነገሯ። እኔንም ወቀሰችኝ፤ እሷን ሳላማክር እዚህ ማውጣቴን አልወደደችውም።

ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልጻፈም።

መልስ 12

ከዚያ አንድ የታሪክ መምህር ብቅ አሉ። እታለምን ይቅርታ ጠይቀው የኦስትሪያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሞዛርትን ነገር አመጡ። የዚህን የውይይት ክር ልብ ያገኘሁት እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

ሞዛርት የ22 ዓመት ወጣት ሆኖ ሥራ ፍለጋ ፓሪስ ሄደ። እናቱ አብራው ነበረች። አባቱ ሌዎፖልድ ሳልዝቡርግ ቀሩ። አባቱ ራሳቸው የቫዮሊን መምህር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1756 የቫዮሊን ማስተማሪያ መጽሐፍ አሳትመዋል። እናትየው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 1778 ማታ ሞተች። ሞዛርት በዚያው ሌሊት ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። ለአባቱ የጻፈው እናቴ በጣም ታማለች፣ ተስፋ አለን፣ ሁሉም በእግዚአብሔር እጅ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ሳልዝቡርግ ላለ ቡሊንገር ለሚባል የቤተሰቡ ወዳጅ ቄስ ነው። ለቄሱ እውነቱን ነገረው፤ አባቴንና እህቴን ቀስ አድርገህ አዘጋጅልኝ ብሎ ለመነው። ለአባቱ ራሱ እውነቱን የጻፈው በስድስተኛው ቀን ነው።

የታሪክ መምህሩ አንድ ነገር ጨመሩ። ለአባቱ በጻፈው በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ሞዛርት ሰኔ 18 ስለቀረበው አዲስ ሲምፎኒው (የኦርኬስትራ ድርሰቱ) በሰፊው ያወራል። የመጨረሻው ክፍል በቫዮሊኖች ብቻ በለሆሳስ ይጀምራል፤ ሕዝቡ ጸጥ ይላል፤ ሙሉው ኦርኬስትራ ሲገባ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ከዚያ ወጥቶ አይስክሬም መብላቱን፣ የተሳለውንም መቁጠሪያ መድገሙን ይናገራል። እናቱ አጠገቡ ሞታ ማለት ነው። ይህ ደብዳቤ ተቆርጦ ቢወጣ ኖሮ፣ ስለዚያ ሲምፎኒ አሠራር ከራሱ ከደራሲው አፍ የምናውቀው አብሮ ይጠፋ እንደነበር አስረዱ።

መልስ 13

የአሥራ ሦስተኛው ጸሐፊ ንግግር ስል ነበር። የፈረንጅን ልብ በእኛ ልቅሶ ላይ መለካት ትክክል እንዳልሆነ ገለጸ። እናቱ ሬሳ ሆና ስለ ጭብጨባና አይስክሬም የሚጽፍ ልጅ ምሳሌ ሊሆን እንደማይችል፣ እንዲያውም እታለምን ይበልጥ የሚያሳዝን እንደሆነ ተቆጥቶ ጻፈ።

መልስ 14

ያረጋጉን ከቢቸና የጻፉ አንዲት እናት ናቸው። ነገሩ ፈረንጅና ሐበሻ መሆኑን ትተው ስለ መርዶ አወሩ። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ ብቻዋን ላለች እናት በምሽት አይነገርም። የነፍስ አባት ይጠራል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤት ሌሊቱን በሹክሹክታ ይሰማል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። እስከዚያ ድረስ ወሬውን ይዞ የመጣው ሰው ያንን ቤት ገብቶ እራት መብላት አለበት። ፊቱ ከተለወጠ ታወቀበት። ስለዚህ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ስለ ጤፉ ያወራል፣ በሬው እንዴት ከረመ ይላል። እኚህ እናት ራሳቸው አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ራት በልተዋል፤ እንጀራው ጉሮሯቸው ላይ እየቆመ ስለ ሽንብራ ዋጋ ሲያወሩ አመሹ። ሞዛርት ስለ ሲምፎኒው ያወራው ያንኑ እንደሆነ፣ ቄሱም ለእሱ ሽማግሌ እንደሆነለት ለእሳቸው ግልጽ ነው። አጎቴም ታሟል ብሎ የጻፈው እናቱ ሌሊቱን ብቻዋን እንዳትወድቅ መሆኑን ለእታለም በልመና ጻፉላት፤ ልጄ እያሉ።

ይህንን ከሺህ መጽሐፍ አላገኝም ነበር።

መልስ 15 እና 16

አሥራ አምስተኛው ወሬውን ለማቅለል ይመስለኛል የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባኽን ደብዳቤ አመጣ። ባኽ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1730 ላይፕሲግ ሆኖ ኤርድማን ለሚባል የልጅነት ጓደኛው ስለ ኑሮው ያማርራል። ገቢው 700 ታለር (የዘመኑ የጀርመን ብር) ገደማ ነው፤ ከፊሉ የሚመጣው ከቀብር ዜማ ነው። ሰው ሲሞት ገቢው ከፍ ይላል፤ አየሩ ጤናማ ሲሆን ይወርዳል። ባለፈው ዓመት በዚሁ ሰበብ ከ100 ታለር በላይ ቀረብኝ ይላል። ጸሐፊው ይህን ከተዝካር ላይ ከሚኖር ደብተራ ኑሮ ጋር አያይዞ፣ የአገልጋዩን ድህነት ማንም እንደማያስብለት አማረረ። ስለ ተዝካር ክርክር ተነሣ፤ ጥቂት ሰዎች ወደዚያ ሄዱ። ሌላ ክር ይገባዋል።

አሥራ ስድስተኛዋ ወደ ጉዳዩ መለሰችን። የሙዚቃ ደራሲው ብራምስና የፒያኖ ተጫዋቿ ክላራ ሹማን በስተርጅና የተጻጻፉትን ደብዳቤ ተመላልሰው ብዙውን አጠፉት። የራሳቸው ነውና መብታቸው ነበር። ጸሐፊዋ የለየችው ይህንን ነው፦ ጸሐፊው ራሱ ሲያጠፋው አንድ ነገር ነው፤ ከሞተ በኋላ ዘመድ ደግ ደጉን መርጦ ሲያስቀር ሌላ ነው። የተመረጠው ከወጣ የምናገኘው ሰውየውን ሳይሆን ዘመዶቹ የወደዱትን ሰው ነው። ግን ደግሞ ለሟች ልጅ ቅድሚያ መስጠት እንዳለብኝ ጨምራለች። በሁለቱም እስማማለሁ።

መልስ 17

እታለም ተመለሰች። የመልስ 14ን እናት አመሰገነች እንጂ ስለ ሞዛርት አንድም አልተናገረችም። ያስታወሰችው የዚያን ምሽት ሰውዬ ነው፤ ደብዳቤውን ይዞ የመጣውን። እራት ሲበላ ስለ ጤፍ ማሳ ያወራ ነበር። እሷ ውሃ ስታስታጥበው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ውሃው ከማስታጠቢያው ውጭ ፈሰሰ። አያቴ ብርዱ ነው ብላ እሳቱን ቆሰቆሰችለት። እታለም ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም።

በደብዳቤው መታተም አሁንም ሙሉ ልቧ አልሆነም። ሁለት ነገር ጠየቀች። ደብዳቤው ብቻውን እንዳይወጣ፣ ከጎኑ የዚያ ሌሊትና የንጋቱ ታሪክ እሷ እንዳየችው እንዲገባ። ሁለተኛ፣ የአባቷ የክርስትና ስሙም እንዲጻፍ። ሁለቱንም ተቀብያለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ቤቷ ሄጄ በስልክ እቀዳታለሁ።

መልስ 18 እና 19

ከፍኖተ ሰላም አንድ ልጅ አባቱ የተዉት የክር ካሴት እንዳለው፣ የሚያጫውትበት ቴፕ ግን እንደሌለው ጻፈ። የባሕር ዳሯ የቤተ መጻሕፍት ሰው መለሱለት፤ ቴፑ ሳይጸዳ እንዳያስገባው፣ መጀመሪያ ሌላ ዋጋ የሌለው ካሴት እንዲሞክርበት።

የመጨረሻው መልስ የድጓ መምህር ናቸው። ያቀረብኩትን ገጽ አይተው ቀዩ ምልክት በትክክል መሰደሩን አረጋገጡ። የተሰረዘው ኖታ ላይ አጎቴ የተቸገረበት ምክንያት ለእሳቸው ግልጽ ነው፤ ደረት በደረት ዝቅ ብሎ የሚባል ነው፣ ድምፁም አንድ ቦታ ላይ አይቆምም፤ አምስቱ መስመር ደግሞ አንድ ቦታ ምረጥ ይላል። ቦታውን ራሳቸው አዚመው ሊያሰሙን ፈቅደዋል። ቫዮሊን የሚችል ሰው ከደብረ ማርቆስ ወይም ከአቅራቢያው ካለ ይጻፍልኝ፤ ሁለቱን በአንድ ቀን እንድንቀዳ።